ለኬኔ በስሕተት የተተከለው ድንኳን

የሠፈራችን እድር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታረም ነገር አለ። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ብፅዓት ሞቻለሁ ተብሎ ከትናንት ጀምሮ በነቀምቴ ገበያ፣ ከዚያም አልፎ በአርጆ መናኸሪያ የሚወራው ስሕተት ነው። አልሞትኩም። ይህን ቃለ ጉባኤ የያዝኩት ራሴ ነኝ፤ የእጅ ጽሕፈቴን የሚያውቅ ሁሉ ይመስክር። የሞተችው ኬኔ ናት። ኬኔ ደግሞ በምጽፈው ልቦለድ ውስጥ ያለች ሴት እንጂ የእድሩ አባል አይደለችም።

ቀን፦ ቅዳሜ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ነቀምቴ፣ በጸሐፊዋ ግቢ፣ በእድሩ ድንኳን ሥር
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ በ9፡10 ተጀመረ

የተገኙ የኮሚቴ አባላት
1. ኦቦ ገለታ፣ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር
2. አቶ ወልደዮሐንስ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ባለ ሱቅ
3. አዴ ድንቅነሽ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ
4. ብፅዓት፣ ጸሐፊ፣ ደራሲ

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ባቻ፤ የጸሐፊዋን ረቂቅ በኮምፒውተር የምትጽፍላት ሊሊሴ፤ ሚስታቸው ድርቤ የሞተችባቸው የእድሩ አባል ኦቦ ጨመዳ።

ያልተገኙ፦ ገንዘብ ያዡ ኦቦ ጂሩ። ምክንያት፦ የጸሐፊዋን ሞት ለዘመዶቿ ለማርዳት ትናንት ወደ ቢላ ሄደው አልተመለሱም። ስልካቸው ዝግ ነው።

ከአምስቱ አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ሰብሳቢው ገለጹ። አቶ ወልደዮሐንስ ጥሩምባ የተነፋላት ሰው ከምልዓተ ጉባኤ ትቆጠር እንደሆነ ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ቆጣሪዋ ራሷ ስለሆነች እንድትቆጠር ተወሰነ።

አጀንዳ 1፦ የድንኳኑ ጉዳይ

ባቻ ስለ ጥሩምባው ማብራሪያ እንዲሰጥ ተጠየቀ። ትናንት መታወቂያውን ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ ሊሊሴ የጽሕፈት ሱቅ እንደገባ፣ ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ እንዳገኛት፣ ምን ሆንሽ ቢላት «ኬኔ ሞተች» እንዳለችው፣ የት ቢላትም «አዴ ብፅዓት ጋ» ብላ እንደመለሰችለት አስረዳ። ኬኔ ማን እንደሆነች ለምን እንዳልጠየቀ ሲጠየቅ፣ የጥሩምባ ነፊ ሥራ መድረስ ነው፣ ማጣራት የኮሚቴ ነው ሲል መለሰ። መታወቂያውን ኮፒ ሳያስደርግ መውጣቱንም በቅሬታ መልክ አስመዘገበ።

ሊሊሴ ምዕራፍ አሥራ ሁለትን ስትጽፍ ማልቀሷን አመነች፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለጠየቀኝ ብቻ ነው የመለስኩት አለች። ስንት ሰው እንደጠየቃት ስትጠየቅ ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ መሆኑን ኮሚቴው እንዲያስብላት ለመነች።

ጥሩምባው «አዴ ብፅዓት ቤት» ብሎ ስለለፈፈና በዚያ ቤት ከጸሐፊዋ በቀር የሚኖር ስለሌለ፣ ሠፈሩ የራሱን መደምደሚያ ወስዷል። ጸሐፊዋ የገዛ እድሯን ጥሩምባ ሰምታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለልቅሶ ስትወጣ፣ ለቀስተኛውን በር ላይ አገኘችው። በዚያን ጊዜ አዴ ድንቅነሽ «ካልሞትሽ እነዚህን ድስቶች ማን ተሸክሞ ሊመልስ ነው?» ማለታቸው በራሳቸው ፈቃድ ተመዝግቧል።

ድንኳኑ ያን ጊዜውኑ ያልተነሣው፣ መተዳደሪያ ደንባችን የተተከለ ድንኳን ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አይነሣም ስለሚል ነው። ደንቡን ያረቀቀችው ጸሐፊዋ ስለሆነች መጽናቱን ደግፋለች። አዴ ድንቅነሽ ስለ ድንኳኑ ሪፖርት ሲያቀርቡ፣ ከተገዛ ጀምሮ ለሞተ አባል ሁሉ እንደወጣ፣ ያልወጣው ለአንዲት ሴት ብቻ እንደሆነ፣ እሷም የኦቦ ጨመዳ ሚስት ድርቤ መሆኗን፣ በኮሮናው ክረምት መሰብሰብ ክልክል ስለነበር ቀባሪዎቹ እዚያው መቃብሩ ላይ መበተናቸውን ገለጹ። ኮሚቴው ሪፖርቱን አዳምጦ አለፈ።

ውሳኔ፦ ድንኳኑ ስብሰባው እንዳበቃ ይነሣ።

አጀንዳ 2፦ ኬኔ ትሙት ወይስ ትዳን

ሰብሳቢው ጉዳዩን ሲያስረዱ፣ ኬኔ ማለት ድርቤ እንደሆነች ሊሊሴ ጋ ረቂቁን አንብቦ ያለቀሰ ሁሉ እንደሚያውቅ፣ አንድ ባል ሚስቱን ሁለት ጊዜ እንዲቀብር ማድረግ ከእድር ዓላማ ጋር እንደማይሄድ፣ ስለዚህ ኬኔ ከሕመሟ እንድትድን ሐሳብ አቀረቡ።

ኦቦ ጨመዳ እጃቸውን አነሡ። ሰብሳቢው «ጨመዳ፣ አንተ አርፈህ ተቀመጥ፤ ያንተን ጉዳይ እኛ ይዘነዋል» አሏቸው። እጃቸውን አወረዱ።

ጸሐፊዋ መልስ እንድትሰጥ ተጠየቀች። የልቦለድ ሰው ከብዙ ሰው ተለቃቅሞ እንደሚሠራ፣ ኬኔም ማንንም እንዳልሆነች አስረዳች። አዴ ድንቅነሽ፣ ጫማዋን ጭቃ እንዳይነካባት አስፋልት እስክትደርስ በእጇ ይዛ የምትሄድ፣ ቀልድ ጀምራ ሳትጨርስ ራሷ ቀድማ የምትስቅ ሴት በነቀምቴ ከድርቤ ሌላ ትኖር እንደሆነ ስሟ እንዲጠራ ጠየቁ። ጸሐፊዋ መልሷን አንሥታለች።

ቀጥላም ስለ አሠራሯ አብራራች። ጠዋት ሰው ሳያናግራት በእጇ እንደምትጽፍ፣ ከጻፈችው ግማሹን ከምሳ በፊት እንደምትሰርዝ፣ ልጅ ሳለች በሚስዮን ትምህርት ቤት ያስተማሯት መምህርት ያለ ሥራው የገባን ቅጽል በማስመሪያ መዳፍ እየመቱ ያስቆጥሩ ስለነበር ዛሬም አንድ ትርፍ ቃል ስትጽፍ መዳፏን እንደሚበላት ተናገረች። የኬኔን ሞት በስምንት መስመር የጨረሰችውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ አለቀ። ደራሲ ሰው የሚገድለው ስለጨከነ ሳይሆን መጽሐፉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ወደዚያ ሲሄድ ስለኖረ ነው፤ ኬኔ ብትድን ያለፉት አሥራ አንድ ምዕራፎች ውሸት ይሆናሉ አለች።

ሰብሳቢው አሥራ አንዱም ቢሆን ልቦለድ ስለሆነ ቀድሞውኑ ውሸት ነው አሉ። ጸሐፊዋ ይህ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጠይቃ ራሷ ይዛዋለች።

ለድምፅ ቀርቦ በሦስት ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ ኬኔ እንድትድን ተወሰነ። ከዳነች በኋላ ምን ትሥራ የሚለው ጥያቄ ስለተነሣ የሚከተሉት ማሻሻያዎች ቀረቡ።

አቶ ወልደዮሐንስ፣ ከሕመም የተነሣች ሴት እንደቀድሞው ቅቤ ተሸክማ ገበያ ከምትውል ሱቅ ብትከፍት ይሻላል፤ ሱቁ ሁለት በር ያለው፣ የስኳርና የዘይት እጥረት የማያውቅ ይሁን አሉ። ሱቁ የማን ሱቅ እንደሚመስል ሲጠየቁ፣ የማንንም አይመስልም፣ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ይቀባ አሉ። የእርሳቸው ሱቅ ሰማያዊ ነው። ተቀባይነት አገኘ።

ኦቦ ጨመዳ እጃቸውን አነሡ። ጉዳያቸው በጥሩ ሁኔታ እየሄደ መሆኑ ተነገራቸው።

አዴ ድንቅነሽ፣ ኬኔ በመዘምራን መካከል መሳቋ ለወጣቶች ጥሩ ምሳሌ እንዳልሆነ፣ ድርቤንም በሕይወት ሳለች እንደመከሯት፣ አሁን አጋጣሚው ስለተገኘ ሳቁ እንዲቀነስ ጠየቁ። ሊሊሴ ድምፅ ባይኖራትም፣ ሳቋ ከወጣ እኔ መጽሐፉን አልጽፈውም አለች። ድምፅ እንደሌላት ተነገራት። በተጨማሪም አዴ ድንቅነሽ በምዕራፍ አሥራ ሁለት እድሩ ለልቅሶው ሁለት ድስት ብቻ ማምጣቱን አጥብቀው ተቃወሙ። እድራችን አምስት ትልልቅ ብረት ድስት አለው፤ አንዱ ብቻ እጀታው ተሰብሯል። ሁለቱም ተቀባይነት አገኙ። ሆኖም ኬኔ ስለማትሞት አምስቱም ድስቶች በምን ምክንያት እንደሚመጡ አልተወሰነም።

ሰብሳቢው በበኩላቸው፣ ኬኔ በመጨረሻ በትምህርት ቤት የባንዲራ ሰልፍ ላይ ቀርባ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ምክር ብትሰጥ መጽሐፉ እንደሚሟላ ገልጸው፣ ምክሩን ጽፈው ስለመጡ አራት ገጽ አነበቡ። ንባቡ በሰባተኛው ነጥብ ላይ ሳለ ባቻ ተኝቶ ተገኘ። ተቀባይነት አገኘ።

ኦቦ ጨመዳ እጃቸውን አነሡ። ሰብሳቢው «ምስጋናውን መጨረሻ ላይ ታቀርባለህ» አሏቸው።

ውሳኔ፦ ኬኔ ትድናለች፤ ሰማያዊ ሱቅ ትከፍታለች፤ አትስቅም፤ ትመክራለች።

አጀንዳ 3፦ የጸሐፊዋ ቀጣይ ሥራዎች

ለወደፊቱ እንዲህ ያለ ድንጋጤ እንዳይደገም፣ ጸሐፊዋ ወደፊት የምትጽፋቸውን መጻሕፍትና በውስጣቸው የሚሞቱትን ሰዎች ቀድማ እንድታሳውቅ ተጠየቀች። ቀጥሎ የምትጽፈው በቢላ ገበያ ጎን ለጎን ቅቤ እየሸጡ ለዓመታት ስላልተነጋገሩ ሁለት እኅትማማቾች እንደሆነ ገለጸች። ከዚያም የነቀምቴና የአርጆ ተሳፋሪዎች አጫጭር ታሪኮች አሏት። ማን እንደሚሞት ስትጠየቅ፣ ሰው ገና ሳይናገር ሞቱን የሚያውቅ ደራሲ ሰው አይጽፍም፣ ሐውልት ነው የሚሠራው ብላለች። አቶ ወልደዮሐንስ ቢላ ውስጥ ሰማያዊ ሱቅ ይኑር አይኑር ጠየቁ። አዴ ድንቅነሽ ከሁለቱ እኅትማማቾች አንዷ እኔ ከሆንኩ ጥፋቱ የሌላዋ መሆኑ ይታወቅ አሉ።

ውሳኔ፦ ጸሐፊዋ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ማንንም እንዳትገድል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ልዩ ልዩ ካለ ብለው ሲጠይቁ ኦቦ ጨመዳ እጃቸውን ሳያነሡ ብድግ አሉ። የተናገሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ጸሐፊዋ ወደ አማርኛ መልሳዋለች። ቃላቸው እንደሚከተለው ነው፦

«ይቺን ሴት አላውቃትም። ባለ ሱቋን፣ የማትስቀዋን፣ መካሪዋን። የእኔዋ ሞታለች። እንደሞተች ትሙት።»

ሰብሳቢው «ስለ አንተ ስንሟገት ነው የዋልነው» ቢሏቸው «መቼ ጠየቃችሁኝ ኦቦ ገለታ?» አሉ። ከዚያም ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ።

«አንቺ ደግሞ፣ አዴ ብፅዓት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች ብለሽ ጽፈሻል። ግድግዳ አላየችም። እኔን ነበር የምታየው። ማለዳ ነርስ ልጠራ ስሮጥ ሹራቤን ገልብጬ ለብሼ ኖሯል። ስገባ አየችኝና ‹እንዲህ ሆነህ ነው ከተማውን የዞርከው?› ብላ ሳቀች። ሳቋን አልጨረሰችውም። ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው፤ ይህን ግን አስገቢልኝ።»

ቀጥለውም ስለ ድንኳኑ ተናገሩ። «ስትቀበር ድንኳን አልነበራትም። ለኬኔ የተተከለው ለእሷም ይበቃል። አታንሡት። ዛሬ ከሥሩ ልቀመጥ።»

አዴ ድንቅነሽ ከድርቤ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገሩት ስለ ሳቋ መሆኑን ገልጸው ማሻሻያቸውን አነሡ። አቶ ወልደዮሐንስ የኬኔን ሱቅ ዘጉ። ሰብሳቢው አራቱን ገጽ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ባቻ ጥሩምባ ይነፋ እንደሆነ ጠየቀ፤ አያስፈልግም፣ አሁን ሰዉ ሳይሳሳት ተሰብስቧል ተባለ።

በዚህ መካከል ኦቦ ጂሩ የጸሐፊዋን ዘመዶች በአንድ ሚኒባስ ጭነው ከቢላ ደረሱ። ዘመዶቿ ደረት እየመቱ ገብተው ጸሐፊዋን ብዕር ይዛ ተቀምጣ አገኟት። ታላቅ እኅቷ፣ ካልሞተች ለምን አልተደወለልንም ብላ ተቆጣች። ልቅሶው የማን እንደሆነ ኦቦ ጂሩ ሲጠይቁ የድርቤ ነው ተባሉ። እንግዶቹ ድርቤን በገበያ ያውቋት ኖሮ፣ ይዘውት የመጡትን እንባ መልሰው አልወሰዱትም። ኦቦ ጨመዳን ከበው ተቀመጡ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከአጀንዳ 1 እስከ 3 የተወሰነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። ድንኳኑ አይነሣም። ኬኔ ትሞታለች፤ እስከዚያው እንደልቧ ትስቃለች፣ በመዘምራን መካከልም ቢሆን። ጸሐፊዋ ፈቃድ ሳትጠይቅ ትጽፋለች። ድስቶቹ አምስቱም ይጣዱ፤ እጀታው የተሰበረውም ጭምር።

ስብሰባው ከምሽቱ 12፡20 ላይ የተዘጋው በሰብሳቢው ቃል ሳይሆን፣ ሰብሳቢው ራሳቸው ወንበራቸውን ይዘው ወደ ለቀስተኞቹ ስለሄዱ ነው።

ጸሐፊዋ ነገ ጠዋት በቅድሚያ የምትፈጽማቸው፦
አንደኛ፣ ከምዕራፍ አሥራ ሁለት ግድግዳውን አወጣለሁ።
ሁለተኛ፣ መዳፌ ቢበላኝም ስምንቱን መስመር ወደሚበቃው ያህል አሳድጋለሁ።
ሦስተኛ፣ ለኬኔ ባል ሹራቡን ገልብጬ አለብሰዋለሁ።

ብፅዓት፣ ጸሐፊ