ታላቅ ይቅደም

በር ላይ ቆሞ «እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ» እያለ የሚያንገላታ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? አስመራ ውስጥ ሞልቷል። ቢሮ ግማሽ ቀን የምናጠፋው ወረፋው በዝቶ ይመስላችኋል? በሩ ላይ ስንለማመን ነው እንጂ!

ነፃነት በመጣ ማግስት ማኅበር ያላቋቋመ ሰው አልነበረም። እኛም አምስት ሆነን የዋሻ ጎብኚዎች ማኅበር መሠረትንና በጥር ብርድ ጣልያን ጥሎት ወደ ሄደው የወርቅ ጉድጓድ ወረድን። መተላለፊያው አንድ ሰው ብቻ፣ ያውም በጎኑ፣ የሚያሳልፍ ነው። ታላቅ ይቅደም ተባለና ጡረተኛው የባቡር መካኒክ አቦይ ሃብቱ ፊት ገቡ፤ የሁላችንም ታናሽ ከኋላ።

ጥቂት እንደሄድን የጣሪያው እንጨት ሲጢጥ አለ። አፈር አናታችን ላይ ዘነበ። «እንውጣ!» ተባለና ሁላችንም ባለንበት ዞርን። አሁን ለመውጫው የሚቀርበው ታናሹ ሆነ። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ታላላቆቼ ሳይወጡማ አላደርገውም!»

በየት በኩል ይለፉት? በላዩ ይብረሩ? ፋኖሱ ይርገበገባል፣ እንጨቱ ይንቋቋል፣ የልብ ምታችን ከእንጨቱ ይብሳል። በመጨረሻ አቦይ ሃብቱ ከጨለማው ውስጥ ጮኹ፤

«ውጻእ ወደይ! ውጣ ልጄ! ወደ መቃብርም ታላቅ ይቅደም ልትለኝ ነው?»

ያን ጊዜ ወጣሁ። አዎ፣ ታናሹ እኔ ነበርኩ።

ወደ ቤት ልንመለስ ፌርማታ ጋ ስንጠብቅ አውቶቡስ መጥቶ ሲቆም፣ ልክ «ይቅደሙ» ልል አፌን ስከፍት አቦይ ሃብቱ አፈጠጡብኝ። ደንግጬ ቀድሜያቸው ዘልዬ ገባሁ።

ተሳፋሪው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። አንዲት እናት ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «አይ የዘንድሮ ልጅ፣ ታላቅ አያውቅ!» አሉ።