ዛፉ የረታ፣ ጥላው የሰዓዳ

(2009 ዓ.ም፣ ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ከተማ፣ «ጁባ ና ባሪ» የሚባል ሰፈር። ረታ ባለሆቴል ነው፤ ተገኝ የሚስቱ ወንድም። ከሰዓት በኋላ በሴራሚክ በተነጠፈው ባዶ ግቢ ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ከአጥሩ ማዶ፣ ከሰዓዳ ምግብ ቤት፣ የእንግዶች ሳቅ ይሰማል።)

ረታ፦ ልጄ ማርቲ አዲስ አበባም የትም አትሄድም አልኩህ። ዛፍ ለመትከል ማስተርስ አያስፈልግም።

ተገኝ፦ ዲግሪ ይበቃል?

ረታ፦ አካፋ ይበቃል። አባቴ ያን ሁሉ ባሕር ዛፍ ሲተክል ማን አስተማረው?

ተገኝ፦ እሱስ ልክ ነህ ጋሼ። ግን ልጅህ የምትማረው መትከል አይደለም አለች። ላንድስኬፕ አርክቴክቸር ነው።

ረታ፦ የአትክልተኛ የክብር ስም ነዋ። ጋዋን ለብሳ ጎመን ልታጠጣ።

ተገኝ፦ እኔም እንደሱ መስሎኝ ጠየቅኳት። ውሃው ወዴት እንደሚወርድ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ሰው የት መቀመጥ እንደሚወድ ማጥናት ነው አለችኝ።

ረታ፦ ሰው የት መቀመጥ እንደሚወድ? ወንበር ላይ። ይኸው፣ የሁለት ዓመቱን ትምህርት ቆሜ ጨረስኩልህ። ካሸር ሆና ትቀመጥ።

ተገኝ፦ ታዲያ የኛ ወንበሮች ላይ ሰው ለምን የለም?

ረታ፦ ጦርነቱ ነዋ። ከአምናው የሐምሌ ተኩስ በኋላ ደንበኛ የሚባል ሁሉ ጁባን ለቆ ሄደ።

ተገኝ፦ (በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ) ሰዓዳ ጋ የተቀመጡት ወሬውን አልሰሙም ማለት ነው?

ረታ፦ ብዙ ናቸው?

ተገኝ፦ ግቢው ሙሉ ነው። ያ ትናንት እኛ ጋ ሲቀመጥ እግሩን እያነሳ ሲጥል የነበረው ፈረንጅም አለ።

ረታ፦ እሱ ሞልቃቃ ነው። ሴራሚኩን ከካስተም ገበያ ድረስ አስጭኜ ያስነጠፍኩት ግቢው እንዲያብረቀርቅ ነው።

ተገኝ፦ ያብረቀርቃል። ትናንት አብሳያችን አባይነሽ እንቁላል ሴራሚኩ ላይ ወደቀባት፤ ጨው ይዛ እስክትመለስ በስሎ ጠበቃት።

ረታ፦ አንተ ደግሞ። ሰዓዳ ምን አላት? ምግቧ ከኛ አይበልጥ፣ ቢራዋ ከኛ አይቀዘቅዝ።

ተገኝ፦ ጥላ አላት።

ረታ፦ አንድ ዛፍ የሌላት ሴትዮ ጥላ ከየት አመጣች?

ተገኝ፦ ከኛ ማንጎ። ዛፉ አጥሩ ጥግ ነው ያለው። ከሰዓት ፀሐይ ስታዘነብል ጥላው ወደሷ ግቢ ይወድቃል። ጠረጴዛዎቿን እዚያ ደርድራለች።

ረታ፦ ውሃ የማጠጣ እኔ፣ በጥላው የምትነግድ እሷ? ጠዋትስ? ጠዋት ወደኛ አይዞርም?

ተገኝ፦ ይዞራል።

ረታ፦ ታዲያ እዚያ ምን አስቀመጥን?

ተገኝ፦ ጄኔሬተሩን። ፀሐይ እንዳይመታው ብለህ።

(ረታ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ወንበሩ ስለፈጀው ወዲያው ይነሳል።)

ረታ፦ ኸላስ፣ በቃ። መጥረቢያ አምጣ፣ ዛፉን እቆርጠዋለሁ።

ተገኝ፦ እሺ። ለጄኔሬተሩስ ዣንጥላ ልግዛለት?

ረታ፦ ተወው፣ ተወው። ይኼ የሰዓዳ ጭንቅላት አይደለም። የመከራት ሰው አለ።

ተገኝ፦ አሉ። ባለሙያ ናቸው። ጠዋትም ከሰዓትም እየመጡ ጥላውን ሲለኩ፣ ሲስሉ ሰንብተው ነው የት ምን እንደሚቀመጥ የነገሯት።

ረታ፦ ሰው ማለት እንዲህ ነው። መቼም ከናይሮቢ የመጣ መሆን አለበት። የኛ ሰው እንዲህ አያስብም።

ተገኝ፦ የኛው ሰው ናቸው።

ረታ፦ ሐበሻ? በል አሁኑኑ ጥራልኝ። ይሄን ሴራሚክ ነቅሎ እንደገና ይሥራልኝ። ያለው ሁሉ ይፈጸምለታል።

ተገኝ፦ ደስ ይላቸው ነበር። ግን ሙያውን እንዳይቀጥሉ አባታቸው ከልክለዋቸዋል።

ረታ፦ እንዲህ ያለውን ሰው? ለምን?

ተገኝ፦ ነጋዴ ናቸው። ልጅ ከአጠገቤ አይራቅ፣ ንግዱን ያግዘኝ ይላሉ። ሙያውንም ይንቁታል መሰለኝ።

ረታ፦ የማያውቀውን የሚንቅ ደንቆሮ ብቻ ነው። እንደዚህ ያለ ልጅ ወልዶ ዕድሉን የሚዘጋ አባት ከብት ነው፣ ምን አባት ይባላል? አገር የማያድገው በነዚህ ሰዎች ነው።

ተገኝ፦ ኧረ ቀስ በል ጋሼ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው።

ረታ፦ ይከበሩ። አገናኘኝና ሰው እየሰማ ፊት ለፊት ባልነግረው። ልጁንም ዛሬውኑ ያሰናብተዋል።

ተገኝ፦ እውነት ትነግረዋለህ?

ረታ፦ እመብርሃንን እነግረዋለሁ።

ተገኝ፦ (ወደ ካሸሯ መስኮት ዞሮ) ማርቲ፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ። አባትሽ በእመብርሃን ምሎ ፈቀደልሽ።

ረታ፦ ማርቲን እዚህ ምን አመጣት?

ተገኝ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ለመግቢያ የሠራሽውን አሳዪ ብለዋት ነበር። መጀመሪያ ያባቴን ግቢ ልሥራ ብላ መጣች፤ ሂሳብሽን ተቀበይ ብለህ መለስካት። ሰዓዳ ግን የኔን ግቢ ሥሪ አለቻት።

(ረታ ማዶውን ያያል፤ ከዚያ የካሸሯን መስኮት። ድምፁ ዝቅ ይላል።)

ረታ፦ እና... ያ ያልኩት ሰውዬ...

ተገኝ፦ እኔ ምንም አልወጣኝም። መስታወቱ መታጠቢያ ቤት ነው ያለው፤ ግባና ፊት ለፊት ንገረው።