ሴድሪክ የጫኗቸው ሰዎች

በኛ በእንግሊዝ አገር ዝናብ እየዘነበ መንገድ ላይ የሚንከራተት ሰው ካያችሁ፣ ወይ ውሻው አስገድዶት ነው፣ ወይ የፓርቲ ሰው ነው። የፓርቲያችን የሃርትሊ ከተማ ቅርንጫፍ ጸሐፊ፣ ክቡር ሴድሪክ ኦልድሮይድ፣ ውሻ የላቸውም። የሰው ውሻ ግን በደንብ ያውቃቸዋል፤ በራሪ ወረቀት ሲያድሉ ያልነከሳቸው ቢኖር ገና ጥርስ ያላበቀለው ነው።

ክቡርነታቸው በወጣትነታቸው ፖስተር ለጣፊ ነበሩ። ቀጥለው ወንበር ደርዳሪ፣ ከዚያ ሻይ አፍይ፣ በመጨረሻም ጸሐፊ ሆኑ፤ ወንበሩንና ሻዩን ግን እስከ ዛሬ የተረከባቸው የለም። ፓርቲያችን በከተማችን አሸንፎ አያውቅም። እሳቸው ግን በየሽንፈቱ ማግስት፣ "ዘንድሮ በሩን የዘጉብን ቀስ አድርገው ነው" እያሉ ያጽናኑናል።

ባለፈው ምርጫ ለጥቂት ተሸነፍን። ወዲያው ሚስተር ፔልሃም የሚባል የዋናው ጽሕፈት ቤት ሰው ከለንደን መጥቶ ስብሰባ አስጠራ። ሴድሪክ በምርጫው ቀን አቅመ ደካሞችን በመኪናቸው ሲያመላልሱ የተቀናቃኞቻችንንም ደጋፊዎች ጭነዋል ተብለው ተከሰሱ።

"እውነት ነው?" አላቸው ፔልሃም።

"ዝናብ ነበር" አሉ ሴድሪክ።

"እነማንን ነው የጫኑት?"

"እሱን አልናገርም።"

"እንግዲያው ነገ ማታ ከኃላፊነት እንዲነሱ ድምፅ ይሰጥበታል።"

ሰብሳቢው እኔ ነኝ። ተናድጄ፣ ላስነሳቸው ቆርጬ ቤቴ ገባሁና ለሚስቴ ለኢዲት ነገርኳት።

"አንዷ እኔ ነኛ" አለች የምትሠራውን ሹራብ ሳታስቀምጥ። "አንተ እጩህን ይዘህ ስትዞር እግሬ በጄሶ ነበር።"

"ለነሱ መረጥሽ?"

"ሁልጊዜም የምመርጠው እነሱን ነው። ሴድሪክ ያውቃል።"

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሚስቴን ስም ቢጠሩ ኖሮ ጣጣው ሁሉ ወደኔ ይዞር ነበር።

በማግስቱ ማታ ስብሰባው ላይ ተነስቼ፣ "ከጫኗቸው አንዷ ሚስቴ ናት፤ እሳቸው ከተነሱ እኔም እነሳለሁ" አልኩ። ይነሱ ብሎ እጁን ያወጣው ፔልሃም ብቻ ነበር።

ሴድሪክ ያመሰግኑኛል ብዬ ስጠብቅ በር ላይ ያዙኝ። "ምን አስለፈለፈህ?" አሉኝ ተቆጥተው። "የሰው ድምፅ ምስጢር ነው።"

ጠዋት ቤታችን ተንኳኳ። ሴድሪክ ናቸው፤ ኮታቸው በስብሷል፣ ብብታቸው ስር በራሪ ወረቀት ይዘዋል።

"አንተን አይደለም፤ ኢዲት አለች?"

አስገባኋቸውና ሻይ ልጥድ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ከሳሎን የኢዲት ሳቅ ይሰማኛል።

"አይሆንም ሴድሪክ፣ አትልፋ።"

"ግዴለም፣ አልቸኩልም" አሉ ክቡርነታቸው። "ብስኩት አለሽ?"