እትዬ አልማዝን የሶፍትዌር ባለቤት ያደረግሁ ዕለት

ጎበዝ! ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ፎቶዬን ከፍታችሁ እያያችሁ ነው የምትስቁት!

አምስት ወር ሙሉ አንድ ፕሮግራም ፓኬጅ ሳደርግ እንደነበር ታውቃላችሁ። የተዝረከረከ ኮድ የሚያስተካክል ነው፤ አንድ ስም አንድ ቦታ ስትቀይሩ መቶ ፋይል ውስጥ ራሱ ይቀይርላችኋል። እኔ አልጻፍኩትም። የኔ ሥራ ሊኑክስ የሚባለው በነጻ የሚታደል የኮምፒውተር ሲስተም ውስጥ አስገብቼ ማንም በአንድ ትእዛዝ እንዲጭነው ማድረግ ነው።

ከየካ ዳገት ላይ ሆኜ! ከአከራዬ ከእትዬ አልማዝ ዶሮ ቤት አጠገብ! (ግቢው ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው፤ አትሳቁ።)

ፓኬጁ ውስጥ ኮፒራይት የሚባል ፋይል አለ። የሌሎቹን ሳይ የስም መዓት ተደርድሮበታል።

ምስጋና መሰለኝ!

ምን ላድርግ? እኛ ሀገር የመመረቂያ ጽሑፍ እንኳ ያለ ሁለት ገጽ ምስጋና አይወጣም። ዘጠኝ ሰው ደረደርኩ። እናቴን፣ የጸለዩልኝን የቸርች ልጆች፣ ፍላሽ ያዋሰኝን ጓደኛዬን። እትዬ አልማዝን ደግሞ ከሁሉም በላይ።

ዛሬ ከሰዓት፣ ፓኬጆችን አይቶ የሚያሳልፈው ገምጋሚ ኢሜይል ላከልኝ። አዲስ ፓኬጅ የሚቀበሉበት የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው!

"ዘጠኝ ባለቤት ጽፈሃል። ፕሮግራሙ በነጻ እንዲሰጥ ሁሉም መፍቀዳቸውን የሚያሳይ ጽሑፍ ላክ።"

ለካ እዚያ ፋይል ላይ የሚጻፈው የፕሮግራሙ ባለቤቶች ስም ነው!

ወረቀት ይዤ ወደ እትዬ አልማዝ ሮጥኩ። "እትዬ፣ በነጻ እንዲሰጥ ፈቅጃለሁ ብለው እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።"

"ምኑ?"

"ሶፍትዌሩ። ባለቤት ነዎት።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ ፈርሚ ተብዬ ደግ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ሂድ ወደዚያ!"

ሲጨንቀኝ ለገምጋሚው እውነቱን ጻፍኩለት። "ከዘጠኙ አንድ መስመር ኮድ የጻፈ የለም። ስለረዱኝ ላመሰግናቸው ብዬ ነው።"

በአምስት ደቂቃ መለሰልኝ። "ደስ ይላል። ግን የጻፈው ሰው ስም የታለ?"

ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አየሁት። የለም! ፍላሽ ያዋሰኝ ሁሉ አለ፣ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰውዬ የለም!

ከራሱ ከገምጋሚው ሌላ ኢሜይል ተከተለ። "የጻፍኩት እኔ ነኝ። ብዙ ዓመት ለፍቼበታለሁ፤ ብትጨምረኝ ደስ ይለኛል።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!! አምስት ወር ሙሉ የሰውየውን ሥራ ስነካካ ስሙን አንዴ እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም። ከልቤ አፈርኩ።

ዘጠኙን አጥፍቼ እሱን አስገባሁ። ወዲያው ላክሁት።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። "ተቀብለናል።"

ገባ! ፓኬጄ ገባ!! ዶሮዎቹ እስኪበረግጉ ጮህኩ! እትዬ አልማዝ በሩን ከፍተው ብቅ አሉ።

"ደግሞ ምን ሆንክ?"

"ገባልኝ እትዬ! ግን ይቅርታ፣ የእርስዎን ስም አውጥቼዋለሁ።"

"እሰይ! ተመስገን! ማን ይመጣብኝ ይሆን እያልኩ በር በሩን ሳይ ነው የዋልኩት!"

እንግዲህ ጻፈን ያላሉኝን ዘጠኝ ሰዎች አንድ ሳላስቀር አስታውሼ፣ መጻፍ የነበረበትን አንዱን ረሳሁት። እናንተስ፣ ሰርጉ ላይ ሚዜዎቹን ሁሉ አመስግናችሁ ሙሽራውን ረስታችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ ጉደኛው እኔ ብቻ ነኝ?