የደረት ኪስ ምስክር

የደረት ኪሱን ወደ እናንተ አዙሮ የሚያወራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ሶዶ አንድ አለን። ጎረቤቴ አቶ ማርቆስ ሰላም ከማለቱ በፊት የስልኩን መቅጃ ይጫናል። «ነገ ማስረጃ ይሆናል» ባይ ነው።

አንድ ቀን ድንበርተኛውን ጋሽ ዳናን «ግቢዬ ገብተው እንሰት ተከሉብኝ» ብሎ ከሰሰና በድብቅ የቀዳውን ድምፃቸውን ይዞ ችሎት ቀረበ። ሰው ሳያውቅ የተቀዳ ድምፅ ማስረጃ ይሆናል ወይስ አይሆንም? ጠበቆቹ ተፋጠጡ። አንዱ ሕገ መንግሥት ጠቀሰ፣ ሌላው «እውነት እንዴት ይታፈናል?» አለ። እኛም ልንሰማ የሄድነው፣ የገባን ይመስል ራሳችንን ነቀነቅን። ድምፁ ምን እንደሚል የጠየቀ ግን የለም።

በመጨረሻ ጋሽ ዳና እጃቸውን አወጡ።

«ክቡር ዳኛ፣ እንሰቱን ድንበር አሳልፌ የተከልኩት እኔ ነኝ። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። እሱ ግን በመጣ ቁጥር የሚያወራኝ ስለ ዝናብ ነው።»

ድምፁ ሳይሰማ አቶ ማርቆስ ረታ፤ መሬቱም ተመለሰለት። ዛሬ ታዲያ እሱ ብቅ ሲል ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ዝናብ ብቻ ነው። እኔም ጭምር፣ በጠራራ ፀሐይ።