ሊቀ ብሎን እና ፋብሪካው የደበቃት መስታወት

በየቤተሰቡ ውስጥ ደህና ዕቃ አይቶ ማለፍ የማይሆንለት አንድ ሰው አለ። «እኛ ቤት የለም» የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ቤታችሁን በደንብ አላያችሁም፣ ወይ ሰውየው እናንተው ናችሁ። የተበላሸ የሚጠግን ሰው ሞልቷል፤ ጠርቶ፣ አሠርቶ፣ አመስግኖ መሸኘት ነው። እኔ የማወራላችሁ ያልተበላሸውን ስለሚጠግነው ነው።

የእኛው የታላቅ እህቴ ባል ነው። መድን ድርጅት ይሠራል። ሥራው የተጋጨ መኪና ፎቶ ማየት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሌሎች የሰበሩትን ሲያይ ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ የራሱ ተራ የደረሰ ይመስለዋል። ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ። በሌለበት ግን ቤተሰቡ በሙሉ የሚያውቀው በማዕረጉ ነው፤ ክቡር ሊቀ ብሎን። ማዕረጉን የሰጠችው እህቴ ናት፣ ካውያዋን ፈታትቶ በገጠመበት ዕለት። ካውያው ይሠራል፣ አልዋሽም። ብቻ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብሎን ተርፎ ነበር።

«ይሄስ?» አለችው።

«ትርፍ ነው። ፋብሪካው ያበዛዋል።»

ከዚያ ወዲህ ያልፈታው ነገር ቢኖር የራሱን ትዳርና የጎረቤትን ጣሪያ ነው። የግድግዳ ሰዓታችንን «ይዘገያል» ብሎ ፈታው፤ አሁን ከእኛ ቤት ቀድሞ የሚመሽበት ቤት የለም። የእኔን ሬዲዮ «ድምፁ ታፍኗል» ብሎ ወስዶ ሲመልስልኝ በእርግጥም ድምፁ ተለቆ ነበር፤ የጠፋው መቀነሻው ነው። በየመሀሉ ካቻቢቴውን እንደ መምህር አለንጋ ከፍ አድርጎ አንዲት ነገር ይላል፦ «ፋብሪካው የደበቀን ነገር አለ።» በድፍረቱ አይታማም። ሲሳሳት እንኳ ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚሳሳተው።

እህቴ እጁ ቢያርፍ ብላ ካሜራ ገዛችለት፤ ማንም የሚገዛው ተራ ዲጂታል ካሜራ። ለጥቂት ጊዜ አበባና ድመት እያነሳ ሰላም ሰጠን። አንድ ማታ ግን ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቤቴ መጣና ሳይቀመጥ የቴሌቪዥን ሪሞት ጠየቀኝ።

«ጫፉን እዪው» አለኝ። «ቁልፉን ስጫነው የሚታይሽ ነገር አለ?»

«የለም።»

«አሁን ደግሞ በካሜራው እዪ።»

በካሜራው ስክሪን ላይ የሪሞቱ ጫፍ ሐምራዊ ብርሃን ቦግ እልም ይላል። ቀና ብዬ ሪሞቱን አየሁት፤ ምንም የለም። ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ፤ ቦግ እልም።

«ኢንፍራሬድ ነው የሚባለው» አለ። «ከቀይ ወዲያ ያለ ብርሃን። የእኛ ዓይን አይደርስበትም፤ ካሜራው ግን ያየዋል። እንደ ልቡ እንዳያይ አንዲት መስታወት ከውስጥ ጋርደውበታል። ቀለሙ እንዳይበላሽ ነው ይላሉ። ማን ጋረደው በይኝ።»

«ማን ጋረደው?»

«ፋብሪካው።»

መቼም እውነት መነገር አለበት። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ፋብሪካ ሲያማ ኖሮ በመጨረሻ በእርግጥ የደበቀውን ፋብሪካ አገኘ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው?

መጀመሪያ ላይ፣ ለእሱ በማይመስል ትዕግሥት፣ ካሜራውን ሳይፈታ ሞከረ። ከአንድ ፎቶ ቤት የድሮ ፊልም ጥቁር ጫፍ ለምኖ አመጣና ደርቦ ሌንሱ ላይ ለጠፈው። በዓይን ሲያዩበት ድፍን ጨለማ ነው፤ የሚያሳልፈው ያንን የማናየውን ብርሃን ብቻ ነው። ብርሃኑ በዚያ በኩል የሚገባው በጭላንጭል ስለሆነ ካሜራው ማቆሚያ ላይ ሆኖ ዓይኑን ገልጦ ብዙ መቆየት አለበት። የግቢያችንን ዛፍ እንዲህ አድርጎ አነሳው። ፎቶው ሲታይ አረንጓዴው ቅጠል በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ዛፉ ጥጥ ያፈራ ይመስላል፤ ሰማዩ ከበላዩ ጠቁሯል። ሃያ ዓመት ሥሩ የተቀመጥኩበት ዛፍ ነው። ሄጄ ቅጠሉን በእጄ ዳሰስኩት።

ችግሩ ሰው እንደ ዛፍ አይቆምም። እህቴን አጥሩ ሥር አቁሞ «እንዳትነቃነቂ» አላት። ፎቶው ሲወጣ አጥሩ ጥርት ብሏል፤ እህቴ ግን ጭጋግ ሆናለች።

«ተነፈስሽ» አላት በቅሬታ።

በዚህ ጊዜ እጁን በላው፤ ካቻቢቴውን አነሳ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ክዳኑን ከፍቶ ገና ከመንካቱ የፍላሹ ኤሌክትሪክ ነዘረውና ከነወንበሩ ወደቀ። ወለሉ ላይ እንደተዘረጋ «አየሽ» አለኝ፣ «የሚደብቁት ነገር ባይኖር ዘበኛ ለምን ያቆማሉ?» ከዚያ ተነስቶ ያቺን መስታወት አወጣት። ከጥፍር እምብዛም አትበልጥም። በለስላሳ ወረቀት ጠቅልሎ በባዶ የክኒን ዕቃ ከተታትና ደረት ኪሱ ውስጥ ሸጎጣት። ካሜራው ተገጠመ። ጠረጴዛው ላይ እንደተለመደው አንድ ብሎን ቀረ።

«ትርፍ ነው» አለ።

አሁን በጥቁሩ ፊልም በኩል ቶሎ ያነሳል፤ መተንፈስም ተፈቀደ። ያለ ፊልሙ ሲያነሳ ግን የሚታየውና የማይታየው ብርሃን ተደባልቆ ቀለሙ ሁሉ ጉድ ይሆናል። ይህን ያወቅነው የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጡረታ ሲወጡ፣ በሽኝታቸው ላይ «ፎቶውን ለእኔ ተዉት» ካለ በኋላ ነው። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው የቆሙት ሰዎች ጥቁርም፣ ሐምራዊም፣ ቡናማም ሆነው ወጡ። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ኮታቸው ጥቁር ሲሆን ሱሪያቸው እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቷል።

«እኔ እንዲህ ያለ ሱሪ ገዝቼ አላውቅም» አሉት።

«ጨርቁ የደበቀዎት ነገር ነበር» አላቸው።

እህቴ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብላ ካሜራውን ለሁለት ቀን ቆለፈችበት።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ ልንገራችሁ። እናቴ ፎቶ አትነሳም። እኔን፣ የመጨረሻ ልጇን፣ ስታረግዝ ፊቷ ላይ ማድያት ወጣ። ስትወልድ ይለቅሻል ብለዋት ነበር፤ አልለቀቃትም። ጉንጮቿንና ግንባሯን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ብቅ ሲል ወጥ ቤት ሥራ ይበዛባታል። እህቴ በእናቴ ጀርባ፣ በእናቴ ጭን፣ የእናቴን እጅ ይዛ የተነሳቻቸው ፎቶዎች አልበም ሞልተዋል። እኔ ከእናቴ ጋር የተነሳሁት አንድም የለኝም። በዚህ ነገር ላይ ቀልድ የለኝም፤ ስመኘው ነው የኖርኩት። ስለምናት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አንቺ ቆንጆ ነሽ፤ ለብቻሽ ተነሺ።» ከጊዜ በኋላ መለመኑንም ተውን፤ ማድያት የሚለውን ቃል ቤታችን ውስጥ የሚያነሳ ጠፋ።

ሊቀ ብሎን ግን አነሳው፤ አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሁላችንም ግቢ ተቀምጠን ሳለ።

«እማዬ፣ ይቺን ይዩልኝ» ብሎ በጥቁሩ ፊልም በኩል ያነሳውን የራሱን ፎቶ አሳያት። «አፍንጫዬ ላይ ያለው ጠቃጠቆ የታለ? የለም። ይሄ ብርሃን ቆዳ ላይ አይቆምም፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የእርስዎን ማድያት አያየውም።»

እህቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ካቻቢቴውን ፈልጌ ልወረውርበት ፈለግሁ።

«አያየውም?» አለች እናቴ።

«አያየውም።»

ሽርጧን ፈታች። ዛፉ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። አነሳት።

ፎቶው ላይ ፊቷ ወተት ነው። ዓይኖቿ ጠቁረዋል፤ ከኋላዋ ቅጠሉ ነጭ። ማድያት የሚባል ነገር የለም። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው።

«ደስ ትላለች» አለች። «ግን አላውቃትም።» ካሜራውን መለሰችለት። «በል እኔን አንሳኝ።»

«እንዴት እማዬ?»

«ከነፊቴ ነዋ። ይሄ ፊት ይቺን ልጅ ስይዝ የመጣ ነው። እሱን ከፎቶው ካወጣኸው እሷንስ የት ልታደርጋት ነው?» ወደ እኔ ዞረች። «ነይ እዚህ ቁሚ።»

በሩጫ ስልኬን አወጣሁ፤ እህቴ እንድታነሳን።

«ስልክሽን አስቀምጪ» አለችኝ እናቴ። «ደፍሮ እዚህ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። እሱ ያንሳኝ።»

ሁላችንም ወደ ሊቀ ብሎን ዞርን። ካሜራውን አገላብጦ አየው። በዚያ ካሜራ ቢያነሳት ማድያቱ ወይ ይጠፋል ወይ ቀለሙን ይቀይራል፤ እናቴ ደግሞ የጠየቀችው እንዳለች እንድትሆን ነው። ወደ ደረት ኪሱ እጁን ሰደደና የክኒን ዕቃዋን አወጣ። በሕይወቱ ሲፈታ እንጂ ወደ ነበረበት ሲመልስ አይተነው አናውቅም።

«ቶሎ በል፣ ሐሳቧን ትቀይራለች» አለችው እህቴ በሹክሹክታ።

የግቢው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፎጣ አንጥፎ ጀመረ። ፍላሹ አንዴ ነዘረው፤ ጣቱን አራግፎ ቀጠለ። እናቴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። መሀል ላይ ብድግ ብላ ወደ ቤት ስትገባ አለቀ አልኩ። ሻሿን ቀይራ ተመለሰች።

ክዳኑን ከገጠመ በኋላ ጠረጴዛውን አየሁ። ምንም አልተረፈም። እንዲያውም ከክኒን ዕቃዋ ታች፣ መስታወቷን ባወጣ ቀን የተረፈውን ብሎን አውጥቶ ቦታው ላይ አሰረው።

«ትርፍ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«ዝም በይ» አለኝ።

ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ የእናቴ ማድያት ከነድንበሩ ይታያል፤ ከጎኗ ዓይኗ የቀላው ሴት እኔ ነኝ። ትንሽ ተንጋዷል፣ ማንም ግን እንዲያቃናው አልፈቀድኩም።

በማግስቱ ምንም ያልሆነ፣ ደህና የሚሠራ ካውያዬን በፌስታል ይዤ እሱ ቤት ሄድኩ።

«ምን ሆነ?» አለኝ፣ ካቻቢቴውን እየፈለገ።

«እንጃ ጋሼ» አልኩት። «ፋብሪካው የደበቀን ነገር ያለ መሰለኝ።»