ሽመልስ ብረት ለበስ የገዛ ጊዜ

አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ፣ ከግፊታችሁና ከስኳራችሁ ቀጥሎ «ሆቢህ ምንድን ነው?» ተብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። እኛ ለዚህ ጥያቄ ተዘጋጅተን አልመጣንም። አገር ቤት ሳለን «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» የሚባለውን በሬዲዮ ሰምተነዋል እንጂ፣ ትርፍ ጊዜው ራሱ ማን ዘንድ እንደሚገኝ አናውቅም ነበር። አትላንታ ከገባን ወዲህማ ሁለት ሥራ ለያዘ፣ ልጅ አድርሶ ልጅ ለሚመልስ፣ እሑድ ቅዳሴ ቆሞ ለሚያረፍድ ሰው ሆቢ ማለት እንቅልፍ ነው። እኔ ይህንኑ ለሐኪሜ በሐቀኝነት ብነግራት መድኃኒት ልታዝልኝ ብዕር አነሳች።

ጉዱ የሚመጣው ሪታየር ሲደረግ ነው። ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ያጣ ወንድ አደገኛ ፍጡር ነው። አንዱ ጓሮው ጎመን ይተክላል። አንዱ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ፖለቲካ ይተነትናል። ሌላው ሚስቱን ወጥ አሠራር ላስተምርሽ ይላትና ሁለቱም ጾማቸውን ያድራሉ። ወዳጄ ሽመልስ ግን ብረት ለበስ ገዛ።

የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። በሰንሰለት የሚሄድ፣ ሶቭየት ሠራሽ፣ ድሮ የጦር ሠራዊት ንብረት የነበረ እውነተኛ ብረት ለበስ። ሽመልስ ኢስት ፖይንት በሚባለው ሰፈር ቤት አለው፤ አሜሪካ ከገባ ወዲህ ዕድሜውን በሙሉ ከኤርፖርቱ መኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ በሰላም ጡረታ የወጣ ጨዋ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ብረት ከሚሰበስብ አንድ የቴኔሲ ሽማግሌ ገዝቶ፣ በትልቅ ትሬለር አስጭኖ አመጣና ታከር በሚባለው ሰፈር የተከራየው መጋዘን ውስጥ ከተተው። መትረየሱ ተነቅሏል፤ ወረቀቱም ንጹሕ ነው። ጓሮህ ዶሮ እንዳታረባ የሚከለክልህ አገር፣ ብረት ለበስ ስትገዛ «እንኳን ደስ ያለህ» ይልሃል።

ሚስቱ የውብዳር ነገሩን የሰማችው ከሰው ነው። ይህ የመጀመሪያው ስሕተት ነበር። ሁለተኛው ስሕተት የሽመልስ መልስ ነው።

«ከታንክ ሸሽተን፣ በረሃ አቋርጠን መጥተን ታንክ ገዛህ?» አለችው።

«ታንክ እኮ አይደለም ውብዬ፤ ብረት ለበስ ነው። ታንክ መድፍ አለው።»

ትዳር ውስጥ ትክክል መሆን የማይጠቅምበት ሰዓት አለ። የውብዳር ሻንጣዋን ይዛ ሴት ልጇ ቤት ገባች፤ ስልኩንም ማንሳት ተወች። ስንት ዘመን አብረው የኖሩ ባልና ሚስት በብረት ምክንያት ሊለያዩ ሆነ።

እንግዲህ ሽማግሌ ተላከ። ቀሲስ ገብረ ሕይወት፣ ዶራቪል ሰፈር ግሮሰሪ ያለው ንጉሤ እና እኔ። የውብዳር ያስያዘችን ቃል አጭር ነበር፤ «ወይ እኔ፣ ወይ ብረቱ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ ልብሳችንን ለብሰን፣ ቀሲስም መስቀላቸውን ይዘው መጋዘኑ ደረስን። ከብረት ለበሱ ሥር የሽመልስ ጫማ ብቻ ይታያል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለን ከሥር ሆኖ።

«የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም» አሉ ቀሲስ፣ ወጉን ጠብቀው።

«ለነገሩ መቀመጫም የለም አባታችን። ንጉሤ፣ እስኪ ይችን ጫፍ አንዴ ያዝልኝ።»

ሰንሰለቱ ተፈትቶ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ሁለቱን ጫፎች አገናኝቶ በቀዳዳቸው ወፍራም የብረት ፒን ማስገባት አለበት፤ አንድ ሰው ይይዛል፣ ሌላው በመዶሻ ይመታል። ንጉሤ ያዘ። የያዘ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይዝም፤ አስተያየት ይሰጣል። እኔ አስተያየቱ እንዳልጣመኝ ተናገርኩ፤ የተናገረ ሰው ደግሞ ማሳየት አለበት፤ ለማሳየት ኮት መውለቅ አለበት። ጥቂት ቆይቶ ሁለታችንም ተንበርክከን በግሪስ ተለውሰን ነበር። ቀሲስ ዳር ቆመው ቢታገሡም አልቻሉም።

«ውሃ ላይ ይንሳፈፋል የሚባለው እውነት ነው?» አሉ።

«እውነት ነው አባታችን። እንደ ጴጥሮስ በባሕር ላይ ይሄዳል።»

«ጴጥሮስ ሰምጧል» አሉ ቀሲስ፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ።

ሥራው መሐል ዕረፍት ስናደርግ ቀሲስ የመጣንበትን አነሱ። «ለመሆኑ ልጄ፣ ይህን ነገር ምን ይሆነኛል ብለህ ነው?»

ሽመልስ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። «ወታደር ቤት ሳለሁ ይኸንኑ ዓይነት ነበር የምነዳው። አንድ ቀን ስናፈገፍግ መንገድ ላይ ቆመብኝ። ብነካካው፣ ብለምነው እምቢ አለ። ጓደኞቼ ጥለውኝ ሄዱ፤ እኔም እሱን ጥዬ ወደ ሱዳን አቀናሁ። ምን ሆኖ እንደቆመ ግን እስካሁን አላወቅኩም። አውቶቡስ ስነዳ እንኳ ሞተሩ ትንሽ ከሳለ ያ ቀን ይመጣብኛል። እስኪ አንዱን በወጉ ፈትቼ፣ በወጉ ገጥሜ ልየው ብዬ ነው።»

ሦስታችንም ከዕረፍታችን ተነሳን። መዶሻውን አነሳን።

ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ሲነሳ ቀሲስ እልል አሉ። ከዚያ በኋላ ነው የመልእክተኛነታችን ነገር ትዝ ያለን። እንደዚያው በግሪስ እንደተለወስን የውብዳር ዘንድ ሄድን።

«እህስ? ምን አላችሁት?» አለች፣ ከእግር እስከ ራሳችን እያየች።

ንጉሤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰንሰለቱ ገብቷል» አለ።

የውብዳር አልጮኸችም። የመኪናዋን ቁልፍ አንስታ ወጣች። እኛም ከኋላ ተከተልናት፤ ሽምግልናችን ወደ አጀብ ዝቅ ብሎ ማለት ነው።

መጋዘኑ በር ላይ ስትቆም ሽመልስ ክው አለ።

«አስነሳው» አለችው።

«ውብዬ፣ ድምፁ ይረብሽሻል...»

«አስነሳው አልኩህ!»

አስነሳው። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እሷ ግን ከፊቷ የቆመው ልጥ አልነበረም፤ እባቡ ራሱ ነው። እጇን አነሳች። ሽመልስ አጠፋው።

«ልጅ ሆኜ» አለች፣ ለማናችንም ሳይሆን ለራሷ እንደምታወራ፣ «እንዲህ ያለው በራችን ላይ ቆሞ ዋለ። ሞተሩ አይጠፋም። እናታችን አልጋ ሥር ከታን፣ ጣሪያው ሲንቀጠቀጥ እሷም አብራ ስትንቀጠቀጥ... አጥፉት የሚል ሰው ጠፋ። ለማን ይባላል?» ከዚያ ቀና አለች። «አስነሳው።»

አስነሳው። እጇን አነሳች፤ አጠፋው። ደግሞ አስነሳው፤ ደግሞ አጠፋው። ንጉሤ ባትሪው እንዳያልቅ ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀሲስ እግሩን ረገጡት። በመጨረሻ እጇን ሳታነሳ ቆየች። ሞተሩ እየጮኸ፣ እሷ ቀስ እያለች ቀረበችና መዳፏን ብረቱ ላይ አኖረች። ሽመልስ ከላይ፣ ከመንጃው ቀዳዳ አንገቱን አውጥቶ እንባው ይወርዳል።

ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። «ነገውኑ እሸጠዋለሁ ውብዬ። በእናቴ እሸጠዋለሁ።»

«ማን ሽጥ አለህ?» አለችው።

እኛ ሽማግሌዎቹ ተያየን። ሽማግሌ የተላከበትን ሲረሳ ዓለም የለመደው ነው፤ ላኪው ሲረሳ ግን ምን እንደሚደረግ ወጋችን አይነግረንም።

የውብዳር እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወለሉን አየች። «ዘይት ይንጠባጠባል። የሰው ሲሚንቶ ልታበላሹ ነው እንዴ? ካርቶን አንጥፉበት እንጂ!» ብላ ባሏን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። «ልታበላሹ» ማለቷን ልብ በሉልኝ፤ እኛም ሽማግሌዎቹ ከባሏ ጋር ተከሳሽ ሆነን ቀረን።

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን ከበቡን። «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሊፈርስ የነበረ ቤት አቆማችሁ፤ እንዲህ ያለ ሽማግሌ አያሳጣን» ተባልን። ቀሲስ አንገታቸውን ደፉ፤ ንጉሤ «ግዴታችን ነው» አለ፤ እኔም አሜን አልኩ። ምን ልበል? ባልሠራነው ስንወቀስ የኖርን ሰዎች ነን፤ አንድ ቀን ባልሠራነው ብንመሰገን እንደ ካሳ ይቆጠርልን።